ዳካር ዕዳ አለበት

ጥር በመጣ ቁጥር ቤታችን ውስጥ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። እኔ ስልኬን ይዤ የዳካር ራሊን የዕለት ውጤት እከታተላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከጀርባዬ መጥቶ ትንሽ ያይና «ወይ የጠገበ ሰው ጨዋታ!» ብሎ ይሄዳል። እሱ ኳስ ነው የሚያየው። ስለ አርሴናል ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ የጉልበት ሕመም ጠይቁት፣ እንደ ሐኪም ያስረዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሞተር ብስክሌት የአገር አቋራጭ ራሊ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው አፍሪካዊ መሆኑን ግን እኔ እስክነግረው ድረስ አልሰማም። ነግሬውም ብዙ አልደነቀውም።

ይህን የምጽፈው ወንድሜን ለመርታት አይደለም። ግማሹን ነገር ልክ ነው፤ የጠገበ ሰው ገንዘብ ከሌለ ያ ውድድር አንድ ቀን አያድርም። የኔ ክርክር ከውድድሩ ከራሱ ጋር ነው። እወደዋለሁ። የምከሰውም ስለምወደው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው። ሮስ ብራንች ይባላል፤ የቦትስዋና ሰው ነው፤ የመጣው ጃዋኔንግ ከምትባለው የአልማዝ ማውጫ ከተማ ነው። ሙያው አውሮፕላን ማብረር ነው። ደጋፊዎቹ «የካላሃሪ ፌራሪ» ይሉታል። ዳካርን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በ2019 ፔሩ ላይ ሲሆን 13ኛ ወጥቶ ከጀማሪዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ አንዱን የዕለት ምዕራፍ አሸነፈ። በ2024 ሄሮ የተባለውን የሕንድ ሞተር እየነዳ፣ ከአሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአሸዋና በድንጋይ ላይ ነድተው በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አስራ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮናነቱን ወሰደ።

«እሱ እኮ ነጭ ነው» ያለኝ ሰው አለ። ነጭ ነው፤ ታዲያስ? ይዞት የሚሄደው ሰንደቅ ዓላማ የቦትስዋና ነው። እኔን የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። አፍሪካዊው ሻምፒዮን በሆነበት በ2024 ሻምፒዮናው አምስት ውድድሮች ነበሩት፦ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አቡ ዳቢ፣ ፖርቱጋል፣ አርጀንቲና እና ሞሮኮ። ከሰሐራ በታች አንድም የለም። የካላሃሪ ልጅ የበረሃ ንጉሥ ለመሆን ከበረሃው ወጥቶ ባሕር መሻገር ነበረበት። የስፖርቱ ዋና ውድድር ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው በአንዲት የምዕራብ አፍሪካ ከተማ ስም ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ስፖርቱ ትንሽ ልበል። ሞተረኛው በቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል። የተሰመረ መንገድ የለውም። መሪው ላይ ያለችው ሮድ ቡክ «እዚህ ርቀት ላይ ስትደርስ ሸለቆው ጋ ወደ ቀኝ፤ ቀጥሎ ድርብ አደጋ» ትላለች፤ እሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ማንበብ አለበት። ካርታ አይዝም። በስልክ መንገድ መጠየቅም የለም። ጥቂቶቹ ደግሞ ያለ ምንም ረዳት ይወዳደራሉ፤ 80 ሊትር የምትይዝ አንዲት ሣጥን ትሰጣቸዋለች፣ ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን ሞተራቸውን ራሳቸው ይጠግናሉ፣ ድንኳናቸው ውስጥ ጥቂት ሰዓት ተኝተው ሌሊት ይነሳሉ። እነዚህን ሳይ ነው ወንድሜ የተሳሳተ የሚመስለኝ። ጥጋብ እንዲህ አያደክምም።

ይህ ስፖርት አንድ ትልቅ ሕግ አለው፦ የወደቀ ባልንጀራህን አልፈህ አትሄድም። በ2020 ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ ወደቀ። ከኋላው የመጣው የዚያ ጊዜው ባለ ድል፣ አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ ነበር። ድሉን ለመድገም ነበር የመጣው፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ታስፈልገው ነበር። ሞተሩን አቁሞ ወረደ። አጠገቡ ቆየ። ጎንሳልቬስ አልተረፈም። አዘጋጆቹ በማግስቱ የሞተረኞቹን ምዕራፍ ሰረዙ፤ ፕራይስ ለእርዳታ የቆመበትን ሰዓትም መለሱለት። ይህ ያኮራል። ሕጉ «ስለ ቆምክ አትጎዳም» ይላል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ሕግ ያለው ስፖርት አላውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ይህ ሕግ ሄልሜት ላላደረገ ሰው ለምን አይሠራም?

እኔም ሞተረኛ ነበርኩ። በ1990ዎቹ ራያ ቆቦ ሜዳ ላይ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት፣ የማትሞት ሞተር። ወጣት ነበርኩ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ አቧራው እንደ ዱቄት። መቼም ፈጣን ነኝ ብዬ አምን ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው በግመል በሚጓጓዝበት ሰሞን፣ አንድ አገዳ የጫነ ግመል ቀድሜ ላልፍ ስል ከጭነቱ በስተጀርባ አንድ ልጅ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። ዘግይቼ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ የግራ እግሩ ተሰበረ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልናገር፤ መሸሽ ነበር። ሞተሯ አልጠፋችም። እጄ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ሜዳው ደግሞ ክፍት ነው፣ ማን ይደርስብኛል? ግመሉን የሚነዱት ሽማግሌ አልጮኹም፣ ዱላም አላነሡም። «ልጄ፣ ውረድ» ብቻ አሉኝ። ወረድኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሆኜ የምኖረው ስለ ወረድኩ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የወር ደሞዜን ያህል ካሳ ፈረዱብኝ፤ የሐኪሙም የወጌሻውም ወጪ በኔ ላይ ሆነ። እኔ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ብድግ ልል ስል «ቁጭ በል» አሉኝ። ገንዘቡ የእግሩ ነው አሉ። የእናቲቱ ገና ነው። ልጁ ምርኩዙን ጥሎ እስኪሄድ ድረስ በየገበያው ቀን ቤታቸው እየሄድኩ እንድጠይቅ ፈረዱ። ከገንዘቡ የከበደኝ ይሄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እናትየዋ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። በሁለተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ምንም ሳትናገር ቡና አፈላች።

በዚያው ወር፣ ያኔ እኔ አላውቅም ነበር፣ ዳካር ራሊ በምዕራብ አፍሪካ እያለፈ ነበር። በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ልጆች በውድድሩ መኪኖች ተገጭተው ሞቱ፤ አንዱ ጊኒ ውስጥ የ10 ዓመት፣ ሌላው ሴኔጋል ውስጥ የ12 ዓመት። በዚያው ውድድር ቀደም ብሎ አውስትራሊያዊው ሞተረኛ አንዲ ካልደኮት ሞሪታንያ ላይ ሞቷል። በ2005 ሴኔጋል ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ በአጃቢ ከባድ መኪና ሞታለች። በ1988 ማሊ ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ፣ ሞሪታንያ ውስጥ እናትና ልጅ። ውድድሩ ከተጀመረ አንሥቶ የሞተው ሰው ከ70 ይበልጣል፤ ሁሉም ተወዳዳሪ አልነበረም። እኔ ባነበብኳቸው የውድድሩ ታሪኮች ውስጥ የተወዳዳሪዎቹ ስም፣ አገር፣ የሞተራቸው ዓይነት ሳይቀር ተጽፏል። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ያላቸው ዕድሜ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ሹፌር ሸሸ አልልም። አልቅሰው የቆሙ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ እኔ የመሪውን ክብደት አውቀዋለሁ። የምናገረው ስለ ውድድሩ ነው። ውድድሩ ሄደ። ሲሄድም ስሙን ይዞ ሄደ።

ቲየሪ ሳቢን የተባለ ፈረንሳዊ በ1977 በሊቢያ በረሃ ጠፍቶ ለጥቂት ተረፈ፤ ያንን በረሃ ለሌሎች ለማሳየት ብሎ በታኅሣሥ 1978 የመጀመሪያውን ውድድር ከፓሪስ ወደ ዳካር አስነሣ። ለሰላሳ ዓመት ያህል የውድድሩ ግርማ የተሠራው በኒጀር፣ በማሊ፣ በሞሪታንያና በሴኔጋል መሬት ነው። የ2008ቱ ውድድር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ፤ ከዚያ በፊት ሞሪታንያ ውስጥ አራት ፈረንሳውያን ተገድለው፣ በውድድሩም ላይ ዛቻ ነበር። ከ2009 እስከ 2019 ደቡብ አሜሪካ ሆነ፤ ከ2020 ወዲህ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ስሙ ግን ያው ዳካር ነው። በአታካማም ዳካር፣ በሩብ አል-ኻሊም ዳካር። ዳካር በሌለበት ሁሉ ዳካር!

«ስም ነው፣ ምን ችግር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ስም ገንዘብ መሆኑን እንኳን እኛ ልንጠይቅ አይገባም። ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የቡና አምራቹ ሀብት ናቸው ብላ ኢትዮጵያ ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር የተሟገተችው፣ በ2007ም ስምምነት ላይ የደረሰችው ለምን ነበር? ገዢው ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለስሙም ይከፍላል። ዳካርም እንደዚያው ነው። ያ ስም ባይኖር የሳዑዲው ውድድር አንድ ጥሩ የበረሃ ውድድር ይሆን ነበር፤ ዳካር ግን አይሆንም።

የሚነሡብኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ጸጥታ ነው። በ2008 መሰረዙ ትክክል ነበር፤ ሰው ለማስገደል ውድድር አይደረግም። ግን መንገዱ ሁሉ ለዘላለም ተዘግቷል ማለት አይቻልም። ዳካርን በሞተርም በመኪናም ያሸነፈው ሁበር ኦሪዮል ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ አፍሪካ ኢኮ ሬስን አቋቁሞ፣ ከ2009 ጀምሮ በሞሮኮና በሞሪታንያ አድርጎ ሴኔጋል የሚገባ ውድድር ተካሂዷል። ትንሽ ነው፣ ካሜራው ጥቂት ነው፣ ግን ዳካር ይደርሳል።

ሁለተኛው መልስ ከባድ ነው፤ ማታ ማታ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው። «ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ መወዳደራቸው አይሻልም? አንተ ራስህ ልጅ የገጨህ ሰው፣ ያ ሁሉ መኪና በመንደር መሃል ተመልሶ እንዲያልፍ ትፈልጋለህ?» አልፈልግም። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፦ «ተመለሱ» አይደለም የምለው። «ውረዱ» ነው የምለው። እኔንም ሽማግሌዎቹ በዚያ መንገድ እንደገና ንዳ አላሉኝም። ሞተርህን አቁመህ ቤታቸው ሂድ ነው ያሉኝ።

መውረድ ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሦስቱም ከአቅማቸው በላይ አይደሉም። አንደኛ፣ ስሙ ከሚያስገኘው ገቢ በየዓመቱ የታወቀ ድርሻ ለቀድሞው መንገድ አገሮች ይሁን። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ የስም ኪራይ ነው፤ ለመንገድ ደኅንነት ይዋል፣ ለአምቡላንስ ይዋል፣ ራሳቸው ይወስኑ። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ አገሮች ለሚመጡ ወጣት ሞተረኞች በየዓመቱ ቦታ ይከፈት፣ ወጪያቸውም ይሸፈን። ብራንች ችሎታው እዚህ እንዳለ አሳይቷል። በራሱ ስም በሚጠራው ውድድር የመመዝገቢያ ዩሮ ያጣ የሴኔጋል ልጅ ከውጭ ቆሞ እንዲያይ መደረጉ ግን ነውር ነው። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ መነሻው ላይ፣ የወደቁ ሞተረኞች ሲታሰቡ፣ የልጆቹም ስም በሰው ፊት ይጠራ። ይህኛው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከሁሉ የሚከብዳቸው ግን ይሄ ይመስለኛል፤ እኔንም የከበደኝ ገንዘቡ አልነበረምና።

ለኛ ለስፖርት ወዳዶቹም አንድ ነገር አለኝ። በማንቸስተር ጎዳና ላይ ስለሚያልፈው አውቶቡስ የምንጽፈውን ያህል፣ ስለ አንድ አፍሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን አንድ አንቀጽ ብንጽፍ ምን እናጣለን? ባለቤት የሌለው ነገር ነው ተነሥቶ የሚሄደው። ውድድሩ ስማችንን ይዞ ሲሄድ ያልጮኽነው፣ መጀመሪያውኑ የኛ ነው ብለን ስላላሰብነው ነው።

በመጪው ጥር እንደ ልማዴ አያለሁ። ወንድሜም ከጀርባዬ መጥቶ የጠገበ ሰው ጨዋታ ማለቱ አይቀርም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከአዘጋጆቹ አንዱ በዚያ በጊኒ መንደር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማየት እፈልጋለሁ። እናትየዋ በመጀመሪያው ቀን ፊቷን ታዞር ይሆናል። በሁለተኛውም። ተመልሶ ይሂድ።