ወርቁ አጋሰስ ነው፣ ጭነቱ ያው ኬሞ

በየጥቂት ወሩ አንድ ዜና ከቻናል ቻናል ይዞራል። «ሳይንቲስቶች ካንሰርን በወርቅ አጠፉት!» ይላል፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ኳስ ምስል አለ። አስተያየቱም ሁሌ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተመስገን፣ ኬሞ ቀረልን» ይላል፤ ሌላው «ድሮም አለ፣ መድኃኒት አምራቾቹ ደብቀውት ነው» ይላል። ሁለተኛው ቢያበሳጭም ብዙ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ኬሞ ጀምሮ መሃል ላይ «አዲሱ እስኪመጣ ልጠብቅ» ለሚል ሰው ዕጢው አብሮት አይጠብቅለትም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ዶክሶሩቢሲንን እንውሰድ። የጡት ካንሰር ሕመምተኛ ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ቀልቶ በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ነው። ጎበዝ መድኃኒት ነው፣ ግን አይመርጥም። ቶሎ ቶሎ የሚራባን ሕዋስ ሁሉ ይመታል፤ ካንሰሩንም፣ የፀጉሩን ሥርም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋኑንም፣ ደም የሚሠራውን መቅኔም። ልብን ደግሞ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የወሰደውን ጠቅላላ መጠን የሚቆጥሩት። ጣሪያው ላይ ከተደረሰ፣ እየሠራ ያለ መድኃኒት እንኳ ይቆማል።

የወርቁ ሐሳብ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በዚህ አሠራር ካንሰሩን የሚገድለው ወርቁ አይደለም። ወርቁ አጋሰስ ነው፤ ጭነቱ ያው የድሮው ኬሞ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ እነዚህ ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር በታች ናቸው። (በዚያ መጠን ወርቅ ቢጫ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲበተን ቀይ ይሆናል። ማይክል ፋራዳይ ይህን በ1857 ለንደን ላይ አሳይቶ ነበር።) ወርቅ የተመረጠው ስለማይዝግ፣ መጠኑን እንደልብ መቆጣጠር ስለሚቻልና ድኝ ያለበት ሞለኪውል አጥብቆ ስለሚይዘው ነው። መድኃኒቱን በዚያ ገመድ ያስሩታል። ገመዱ ደግሞ አሲድ ሲነካው እንዲፈታ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ የደም ፒኤች 7.4 ነው፣ ሕዋሱ ቅንጣቱን ውጦ የሚያስቀምጥበት ከረጢት ግን ከዚያ ይልቅ አሲዳም ነው። ጭነቱ የሚራገፈው እዚያ ነው ማለት ነው። ዕጢው ጋ የሚያደርሰው በርስ? በ1986 ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን የዕጢ ደም ሥሮች ቀዳዳቸው ሰፊ እንደሆነና ትልልቅ ሞለኪውሎች በዚያ ሾልከው እንደሚከማቹ አሳዩ። የመስኩ ተስፋ በአመዛኙ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ዜናው የማይነግራችሁ ክፍል። በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዋረን ቻን ቡድን የ10 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በመርፌ ከገባው ስንቱ ዕጢው ጋ ደረሰ? መካከለኛው መልስ 0.7 በመቶ ነው። ከ1,000 አጋሰስ 7 ብቻ! ያውም በቤተ ሙከራ እንስሳት። ሌላው የት ገባ ካላችሁ፣ ጉበት አለ። ጉበት ኬላ ነው፤ በደም ውስጥ የሚያልፈውን ባዕድ ቅንጣት እየያዘ ያስቀራል፣ ጣፊያም ያግዘዋል። ወርቅ ደግሞ አይሟሟም፤ እዚያ ለወራት ይቀመጣል። የአይጥ ዕጢም ራሱ አታላይ ነው፤ በሳምንታት ያድጋል፣ ከአይጧ ሰውነት ጋር ሲተያይም ግዙፍ ነው። በሰው ላይ እንደዚያ አይደለም።

በሰው ላይ ምን ተሞከረ? በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት 27 ናኖሜትር በሆነ ወርቅ ላይ ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ተጭኖ ተሰጥቷል፤ ውጤቱ በ2010 ታተመ። ይህ ፕሮቲን ለብቻው ሲሰጥ የደም ግፊትን ክፉኛ ያወርዳል። በወርቁ ላይ ሲጫን ግን ታካሚዎቹ ቀድሞ የማይቻለውን መጠን ቻሉት፣ ወርቁም ከዕጢያቸው በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጢው ግን በአብዛኞቹ ላይ አልቀነሰም። በ2019 የታተመውና 16 ወንዶች የተሳተፉበት የፕሮስቴት ሙከራ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ እሱ ጭራሽ መድኃኒት አልጫነም፣ ወርቁን በሌዘር አግሎ ዕጢውን ማቃጠል ነው። ኬሞ የተጫነበት ወርቅ እስከ ዛሬ ለሕክምና አልተፈቀደም።

ከሌሎቹ አጋሰሶች የተሳካለት የስብ ከረጢት ነው። ዶክሲል በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ውስጡ ያው ቀዩ መድኃኒት ነው። በጡት ካንሰር ላይ ኃይሉ ከተራው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ፣ የልብ ጉዳቱ ግን ያነሰ ነው። እኔ ከወርቁም የምጠብቀው ይህን ነው፦ የሚያቀል፣ ምናልባት ዙር የሚጨምር ነገር። ልቧ ለደከመ እናት ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ምርምሩ ላይ የሚያሾፉትንም የማልወደው ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተራው ዶክሶሩቢሲን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ መድኃኒት ነው። ሆኖም ከክፍለ ሀገር ጥቁር አንበሳ የመጣ ሰው ዘመድ ቤት አርፎ ወረፋ ይጠብቃል፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። ለእሱ መድኃኒቱ የሚቀረው ጉበት ጋ ሳይደርስ፣ ገና መንገድ ላይ ነው። የምንጮኸው ስለዚህ ቢሆን፣ ያ ዜና ከሚያገኘው «ሼር» ግማሹን ለዚህ ብንሰጠው እመርጣለሁ።

ዜናው እንደገና ሲደርሳችሁ በአይጥ ነው ወይስ በሰው ብላችሁ ጠይቁ። በሰው ከሆነ በስንት ሰው? ዕጢው ቀነሰ ወይስ ሰውየው መድኃኒቱን ቻለው? ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ «ያንን ወርቅ ላኩልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ፣ በኢንተርኔት በጠብታ የሚሸጠውን የወርቅ ውሃ ገዝታችሁ እንዳትልኩ። ምንም መድኃኒት አልተጫነበትም። ገንዘቡን ለቀጣዩ ዙር መድኃኒትና ለመመላለሻ ላኩት።