መኪናዋ ዝቅ፣ ጉብታው ከፍ!

«እትዬ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንዴ ውረዱልኝ!» አለ ጎረቤቴ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልት ወደ ጉራራ ውስጥ ለውስጥ በምትወጣው ኮብልስቶን አፍ ላይ ነን። አራታችንም ወረድን። ሰውየው አዲሲቱን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ በሰያፍ አስገባት። አልቀረላትም። ጓ! አለች። እሱም መሪውን ለቆ ራሱን ያዘ።

መኪናዋን አልሰድብም። ዝቅ ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደቷ ወደ መሬት ስለቀረበ ኩርባ ላይ አትንጋደድም፤ ነፋሱም ብዙ ስለማይዛት በአንድ ቻርጅ ራቅ ያለ መንገድ ትሄዳለች። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ላወጣት ሰው ገነት ናት። ጣጣው፣ ጎረቤቴ የሚኖረው ፈጣን መንገዱ ላይ ሳይሆን እንጦጦ ስር መሆኑ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋዩን ይነቅላል፣ መንገዱን በቦይ ይሰነጥቃል። በዚያ ላይ የሰፈር ሰው በገዛ ልኩ በሲሚንቶ ያቆመው ጉብታ አለ!

እንዲህ ያሉ ስፖርት ቀመስ አውቶሞቢሎች ሆዳቸው ከመሬት የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ያውም ባዶዋን! ሰው ሲሞላባት ሞላው ይረግባል። በቤንዚኗ መኪና የሚመታው ማርሚታው ወይም የዘይት ኮፓው ነበር፤ ብየዳ ቤት ሄዶ ይድናል። በኤሌክትሪኳ ግን ከወለሉ ስር የተነጠፈው ባትሪው ነው፤ ከዕቃዋ ሁሉ ውዱ። መከላከያ አለው፤ ቢሆንም ስንት ዓመት ሲደበደብ ይኖራል?

«ከፍ አስደርጋት» የሚሉ መካሪዎች አልጠፉም። ይቻላል። ግን ከፍ ባለች ቁጥር ኩርባ ላይ ትወላገዳለች፣ ቻርጅም ቶሎ ትጨርሳለች። ለስፖርቷ ከፍሎ ገዝቶ ስፖርቷን አውልቆ መጣል!

ይህንኑ ዳገት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ስትወጣው ኖራለች። ላዳ በትውልዷ የጣሊያን ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ግን መጀመሪያ መንገዳቸውን አዩ። ከዚያ ሆዷን ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ሞላዋን ጠንከር አደረጓት። መንገዱን ማስተካከል ቢያቅት መኪናዋን አስተካከሉ።

እኛስ? በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገረን፣ የምትመጣው መኪና የምትሄድበትን መንገድ ማን አየው? ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ክልከላው ምክንያት የለውም አልልም። ነገር ግን ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ባለ ላንድክሩዘር የሚሄድ ሹም፣ ያቺ ጓ! የምትል ድምፅ ከየት ትሰማዋለች? አንድ ቀን በጎረቤቴ መኪና እስከ ጉራራ ቢወጣ ደስ ባለኝ፤ እሱም እንደኛ ወርዶ በእግሩ እየተከተለ።

ጎረቤቴ አሁን መኪናዋን አስፋልቱ ዳር ለዘበኛ እየከፈለ ያሳድራታል። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ ወደ መኪናው ይወርዳል።