ገንዘብም እንደ ከብት ይወልዳል

በሐይቅና በአምባሰል አገር የቆየ ልማድ አለ። ከብት የሌለው ገበሬ ካለው ሰው ላም በርቢ ተቀብሎ ያረባል፤ የተወለደውንም እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። ብልህ ገበሬ የደረሰችውን ሴት ጥጃ ለመሸጥ አይቸኵልም፤ ጊደር ሆና እስክትወልድ ይታገሣል። ከዓመታት በኋላ በደጁ የሚታየው መንጋ የአንዲት እናት ልጆች ብቻ ሳይሆን የልጆቿም ልጆች ናቸው። የገንዘብ ዐዋቂዎች የወለድ ወለድ የሚሉት ይህንኑ ነው። «ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ «ወለደ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑ ልብ ይሏል።

ነገሩን በቍጥር እንመልከት። በሐይቅ ወይም በውጫሌ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት በወር 500 ብር ቈጥቦ በየዓመቱ መጨረሻ 6,000 ብር ቢያስቀምጥ፣ ገንዘቡም በዓመት ከመቶ 7 ቢወልድለትና ወለዱን ሳይነካ ቢተወው፣ ግብር ሳይታሰብ በ20 ዓመት 246,000 ብር ያህል ይኖረዋል። በ30 ዓመት ግን 567,000 ብር ያህል ይሆናል። በመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ከኪሱ የጨመረው 60,000 ብር ብቻ ሲሆን ሀብቱ ያደገው በ321,000 ብር ነው። እንግዲህ «ደመወዜ ሲጨመር እጀምራለሁ» የሚል ሰው የሚያጣው እነዚህን ፍሬያማ ዓመታት ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ጠላት አለው፤ እርሱም የኑሮ ውድነት ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቍጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር ሲያገኝ፣ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆነ። መንጋው በቍጥር በዛ፤ ሥጋው ግን ከሳ። ስለዚህ መቈጠብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስቀምጡበትን ስፍራ መምረጥም ያስፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ በር ተከፍቷል። በጥቅምት ወር ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ፤ በጥር ወርም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ከቀረበው አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበረ። በወር 500 ብር ለሚቈጥበው ወጣት ይህ የ20 ወር ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ ዕቍብ ይረዳል። ዕቍብ ሰውን ቍጠባ ያስለምዳል፤ ነገር ግን ባለዕጣው የሚወስደው ራሱ የሚያዋጣውን ያህል ስለ ሆነ ገንዘቡ አይወልድም። የዕቍቡን ዕጣ አክሲዮን የገዛበት፣ የትርፉንም ድርሻ መልሶ የገዛበት ሰው ግን ሁለቱን አዋሐደ ማለት ነው።

አክሲዮንም ዋጋው ሊወድቅ፣ ትርፉም ሊጠፋ ይችላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ድርቅ ስንቱ ባለከብት ባዶ እጁን እንደ ቀረ አባቶቻችን ያውቃሉ። ሀብትን ሁሉ በአንድ በረት አለማጐር፣ ለክፉ ቀን የሚሆነውንም ለይቶ በቅርብ ማኖር ተገቢ ነው።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቍላሉን ዛሬ የበላ ግን ጫጩት አይጠብቅ።