ኢንተርኔትን እንደ ጎርፍ መጥለፍ

የራያ ቆላ ገበሬ የራሱን ሰማይ ብቻ አያይም። ዓይኑ ከቆቦ በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይም ነው። እዚያ ዝናብ ከጣለ ጎሊናና ሆርማት ሞልተው ይወርዳሉ፤ እሱም በአፈርና በቁጥቋጦ ከትሮ ጎርፉን ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ውኃው ለጥቂት ሰዓታት መጥቶ ይሄዳል። ማሽላው ግን አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ለሳምንታት ይከርማል።

ወዳጆቻችን፣ ስለ ግብርና ልንጽፍ አይደለም። ልንጽፍ ያሰብነው ከዚያው ቆላ ተነስተው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ወደ ሌላ ካምፓስ ሄደው ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሚማሩ እኩዮቻችን ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚበጃቸው «ኢንተርኔት አለ» ብሎ የሚጀምር ትምህርት አይመስለንም። የሚበጃቸው ኢንተርኔት በመጣ ሰዓት ተጠልፎ የተቀመጠ ትምህርት ነው። (መጥለፍ ስንል ሃክ ማድረግ ማለታችን አይደለም!)

ለምን? ያለፉትን ዓመታት እናስታውስ። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ እንደገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጦርነት ከተማ ሆነች። በመካከሉ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ከዚያ ሐምሌ 2015 መጣ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። በወሩ መጀመሪያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተሰጠ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ከፈተናው ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 2016፣ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ፕሮግራም ተመረቀ። ነፃ ነው፣ ሐሳቡንም አንጠላውም። ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በድረ ገጽ ነው። እንግዲህ ዳታ የሌለው ልጅ ከ5 ሚሊዮኑ ስንተኛው ነው?

ችግሩ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል እንንገራችሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ፒፕ ኢንስቶል ነምፓይ» ብሎ ይጽፍና ይወጣል። ተማሪው ዶርም ገብቶ ትእዛዙን ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ነምፓይን ከኢንተርኔት ሊያመጣ ይሞክራል፣ ያጣል፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ በመጨረሻ በቀይ ጽሑፍ ይሳደባል። ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። መፍትሔው ግን የአንድ ቃል ለውጥ ነው። ኔትዎርክ ባለበት ኮምፒውተር ላይ «ኢንስቶል» በሚለው ፈንታ «ዳውንሎድ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ነምፓይ የሚፈልጋቸውን ተጓዳኝ ፋይሎች ሁሉ ይዞ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ፎልደሩ በፍላሽ ይዞራል፤ የፓይተን ቨርዥኑና ዊንዶውሱ አንድ ዓይነት ከሆነ 40 ልጅ ያለ ዳታ ይጭነዋል። ይህን የሚያሳይ መምህር በ5 ደቂቃ የአንድ ሴሚስተር ጣጣ ያቀልላል።

የሒሳቡ ጉዳይ ደግሞ ማትላብ ነው። ፈቃዱ በዶላር ስለሚገዛ ካምፓስ ለካምፓስ የሚዞረው ክራክ የተደረገው ነው፤ አብሮት ሾርትከት ቫይረሱም ይዞራል። ኦክታቭ ግን አለ። ጆን ኢተን የሚባል አሜሪካዊ በ1992 እ.ኤ.አ. መጻፍ የጀመረው፣ ነፃ የሆነ፣ ተማሪ በማትላብ የሚጽፈውን አብዛኛውን ኮድ እንዳለ የሚቀበል ሶፍትዌር ነው። ሲሙሊንክ የሚፈልግ ኢንጂነር ይቸገር ይሆናል እንጂ ለኑሜሪካልና ለሊኒየር አልጀብራ ኮርስ ይበቃል። ኢንተግራልና ዴሪቬቲቭ በፊደል ለመሥራት ማክሲማ አለ፤ ለግራፍ ጂኦጀብራ። አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ላፕቶፕ ለሌለው ልጅም (ብዙው ልጅ የለውም) ፓይድሮይድ የሚባለው አፕ ስልክ ላይ ያለ ዳታ ፓይተን ያሠራል።

ንባቡስ? ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ እንዳለ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋ ባይት አድርጎ ይሰጣል፤ 128 ጊጋ በሆነች ሚሞሪ ካርድ ላይ ያርፋል። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎውም በዚሁ መልክ ይገኛል። ኤም አይ ቲ በ2001 እ.ኤ.አ. በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቃቸው ኮርሶች፣ የጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ቪዲዮዎች ጭምር፣ ዳውንሎድ ይደረጋሉ። ኤም አይ ቲ ራሱ እኮ ኔትዎርክ ለደከመባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶቹን በሃርድ ዲስክ ሲልክ ነበር። አንድ ዲፓርትመንት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይህን ሁሉ ጭኖ ከአንድ ዋይፋይ ጋር ቢያገናኘው፣ ተማሪው ያለ አንድ ሜጋ ባይት ዳታ በስልኩ ያነበዋል።

ተማሪው በራሱ መጥለፍ እንደጀመረ እናውቃለን። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ የማያጠራቅም ማን አለ? ግን አብዛኛው የሚጠራቀመው የሲኒየሮች ፈተና ነው። መልስ ይሸመደድበታል እንጂ ኮድ አይለመድበትም።

«ይህ ኢንተርኔት ለሚዘጉት መመቻቸት አይሆንም ወይ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢንተርኔት መዝጋት ጥፋት መሆኑን እዚህም ደግመን እንጽፋለን። ነገር ግን ገበሬው ጎርፍ በመጥለፉ ዝናብ አልፈልግም አላለም፤ የመውጫ ፈተናውም ዳታ እስኪመለስ አይጠብቅም። ሁለቱን ባንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል።

ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች የምንለው ይኸው ነው፤ ዲስኩ ይገዛ፣ ጭነቱ ለሁለት ጎበዝ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሰጥ፣ በየሴሚስተሩ ይታደስ። አዲስ አበባ የምትማሩና ለዕረፍት ወደ ቆቦ የምትሄዱ ደግሞ፣ የካምፓሱ ዋይፋይ ሳያመልጣችሁ ኦክታቭን፣ ፓይተንን ከነፎልደሩና ኪዊክስን ሞልታችሁ ለታናናሾቻችሁ ውሰዱላቸው። ፍላሹን ግን ቀድማችሁ ስካን አድርጉት፤ ያ ሾርትከት ቫይረስ ቆቦም ይታወቃል።