ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይደለም

የማኅበራችን ቃለ ጉባዔዎችና የአባላት የመመረቂያ ጽሑፎች ተመስጥረው በኔትወርክ ማከማቻ የተቀመጡበት መጠባበቂያ ፋይል አልከፈት አለን። ጥፋቱን በይለፍ ቃሉ ላይ ጣልን። የኤስኤችኤ-256 አሻራውን ስናመሳክር ግን ከተመዘገበው ተለየ፤ የተበላሸው ፋይሉ ራሱ ነው። ቁልፉን የያዘው ራስጌ ከተነካ ትክክለኛው ይለፍ ቃልም አይከፍተውም። ሬይድም ዲስክ ሲሞት ይደርሳል እንጂ ተበላሽቶ የተጻፈን አያድንም። ያዳነን በአንድ አባል ዘንድ የቀረ የቆየ ቅጂ ነው፤ የአራት ወር ሥራ ግን ጠፋ።

ግለ ሂሳችን አጭር ነው፦ መገልበጥ እንጂ መልሶ መክፈት አልሞከርንም። ከእንግዲህ የተበላሸ ፋይል ሳይነካ ይገልበጥ፤ ጥገናው በግልባጩ ላይ ይሁን። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ ይኑር፤ በየወሩም ተከፍቶ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል!