የካንሰር ተመራማሪው ቤተ ሙከራ ጎንደር ላይ ይከፈት

አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሔመን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 የቆዳ ካንሰርን ለማከም የታሰበ ሳሙና ቀርጾ የስሪኤም (3M) ኩባንያን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈ። ሐሳቡን የጫረበት አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ሲያቃጥላቸው ያያቸው የቀን ሠራተኞች ትዝታ ነው። በሳሙናው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ቆዳ ላይ እንዲያቆዩ የታሰቡት እጅግ ደቃቅ የስብ ቅንጣቶች ናቸው፤ ዘርፉም ናኖ ሕክምና ይባላል። ሳሙናው ገና በምርምር ላይ ቢሆንም ወጣቱ የሚሠራበትን ቤተ ሙከራ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። ጎንደር ያለው የፋርማሲ ወይም የኬሚስትሪ ምሩቅስ የት ያግኝ?

እዚያው ጎንደር ሊያገኝ ይገባል እንላለን፤ ቀዳሚው ኃላፊነትም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ እንዲመሠረት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ደንቢያ ውስጥ ቆላ ድባ ላይ ሺዎችን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ባለሙያው በሽታው ባለበት ይሠልጥን ተባለ፤ ተማሪዎችም በቡድን ጤና ጣቢያ ወርደው ሠሩ። ዛሬ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከጃን አሞራ ደጋ የካንሰር ሕሙማን ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ ጎንደር ይደርሳሉ። ባለሙያው በሽታው ባለበት ይሠልጥን የሚለው ውሳኔ ለእነርሱም ይገባል።

ናኖ ሕክምና ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዶክሲል ጠንካራውን የካንሰር መድኃኒት ዶክሶሩቢሲንን በስብ ከረጢት ጠቅልሎ በልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀነሰ። ይሁን እንጂ የአሥር ዓመት ጥናቶችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጽሑፍ ወደ ሰውነት ከገቡት ቅንጣቶች የካንሰር ዕጢው ዘንድ የሚደርሱት በአብዛኞቹ ጥናቶች 1 በመቶ እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። ያለ ማቀዝቀዣ የማይበላሽ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚደርስ ቅንጣት መሥራትም አለ፤ ይህን ጥያቄ ከጎንደር ተመራማሪ የተሻለ ማን ያውቀዋል?

የቤተ ሙከራው ጅማሬ በውድ ማይክሮስኮፕ አይሁን። በቅድሚያ የተሟላ የፓቶሎጂ መዝገብ፣ በሥርዓት የተቀመጠ የዕጢ ናሙናና የሕዋስ ማሳደጊያ ክፍል ያስፈልጋል። መብራት ከጠፋ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ይቀራል። ስለዚህ መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ከሕንፃው እኩል ይታቀድ። የኬሚካል ግዢም የመንግሥት መኪና እንደሚገዛበት ባለ ረጅም የጨረታ ሂደት መታሰር የለበትም።

ለዶክትሬት ወደ ውጭ የሚሄድ ወጣት መምህር የምርምር ጥያቄውን ከጎንደር ሆስፒታል ይዞ ይሂድ፤ ሲመለስ የሚሠራበት ጠረጴዛ፣ የመነሻ ገንዘብና የቀነሰ የማስተማር ሸክም ይጠብቀው። ይህ ሳይዘጋጅ ለምን አልተመለስክም ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው አመራርና ትምህርት ሚኒስቴር በመጪው በጀት ለዚህ ሥራ ገንዘብ እንዲመድቡ እንጠይቃለን።