በደጀ ሰላም የተቀመጡት እናት

ጥር ሲቃረብ ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ከውጭ ከሚመጡ ዘመዶቻችሁ ጋር የምትሄዱም አላችሁ። ሆቴሉ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የልጆቹ የሀበሻ ልብስ ሁሉ ቀድሞ ይታሰብበታል። ዛሬ በዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር እንድትጨምሩ ልለምናችሁ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር ለጥምቀት ጎንደር ሄድን። በበዓሉ ማግስት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ልንሳለም ወጣን። ልጄ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት ቸኩላለች። በሩ አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር፣ ጋቢ የለበሱ አንድ እናት ተቀምጠዋል። የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ልጄ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ልትሰጣቸው ስትጠጋ እጇን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት። አስቤበት አልነበረም፤ እሳቸው ግን አይተዋል። እጆቻቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ፤ እኔ እኮ ድኛለሁ» አሉኝ።

አፈርኩ። ትቻቸው መሄድም አልቻልኩም፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። የደጋ ሰው ናቸው፣ ከወገራ ወገን። በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ሲይዛቸው ትዳራቸው ፈረሰ፤ ጎረቤትም ሸሻቸው። ከተማ ወርደው መድኃኒቱን ወስደው ጨርሰዋል። «በሽታውስ ለቀቀኝ፤ ሰው ግን አልተመለሰልኝም» አሉ።

በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ስንጓዝ ዳባት ሳንደርስ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በቅርብ ካለ ቤት አንዲት ባልቴት ወጥተው «ቤት ለእንግዳ!» ብለው አስገቡን። እሳት አነደዱልን፤ ቆሎና ቡና አቀረቡልን። ከየት እንደመጣን እንኳ የጠየቁን ከጠጣን በኋላ ነው። በዚያ አገር መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ ውጭ አያድርም፤ እግሩም ይታጠብለታል። እሳት ዳር ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ስለዚያች እናት ነበር። እንዲህ ያለ ደግ አገር እኔን የማያውቀኝን ሲቀበል፣ የገዛ ልጁን ለምን አስወጣ? ክፋት አይመስለኝም። እኔም የልጄን እጅ የሳብኩት በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ካለማወቅ የመጣ ነው።

እኔ ዲግሪ ይዤ ስለዚህ በሽታ የማውቀው በልጅነቴ የሰማሁትን ብቻ ነበር። እውነቱ ይህ ነው፦ የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር እንጂ በመጨባበጥ ወይም አብሮ ማዕድ በመቁረስ አይደለም። የአብዛኛው ሰው ሰውነትም በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣቶችን የሚያሳጣው ደግሞ ነርቭ ተጎድቶ እጅ ሲደነዝዝ፣ እሳትና ስለት ሳይታወቅ የሚያደርሰው ቁስል ነው። እሳት ዳር የምትውል የገጠር ሴት ምን ያህል እንደምትጎዳ አስቡት።

ይህ የጎንደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛው ዘንድ አዲስ አበባ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውን አለርትን ተመልከቱ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና መጥተው፣ ከዳኑ በኋላ ወደ መንደራቸው መመለስ ያልቻሉ ብዙዎች በዙሪያው ቀርተዋል።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መንገድ ላይ ያገኘው፣ ሰውነቱ በቁስል የተመታ፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድኩም ሰው ነበር። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ በፍርድ ቀንም ሚዛኑን የደፋችለት ያቺው ጥርኝ ውኃ ናት። ሁልጊዜ የማስበው ስለ ውኃዋ ማነስ ነበር። አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ጥርኝ ውኃ ከሩቅ አይወረወርም፤ ለመስጠት መጠጋት ያስፈልጋል። እኛ ግን ከመኪና መስኮት ብር አቀብለን መስታወቱን እንዘጋለን።

ስለዚህ ለጉዞ ስትነሡ ለልጆቻችሁ በቤታችሁ ሳላችሁ አስረዷቸው። ሰዎቹን በድሮው የስድብ ስም አትጥሩ። በቅድሚያ ሰላምታ ስጡ፤ «አንቱ» በሉ፤ ስማቸውንም ጠይቁ። ሳይፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። የምትሰጡትን በእጅ ስጡ። ቆዳው ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነካም የማይሰማው ምልክት ያለበት ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ንገሩት፤ ከተቻለ አብራችሁት ሂዱ። ቶሎ የታከመ ሰው ጣቶቹን አያጣም። ዓለም አቀፉ የሥጋ ደዌ ቀንም በፈረንጆቹ ጥር የመጨረሻ እሑድ፣ ልክ ጥምቀት እንዳለፈ ነው የሚውለው። ለልጆች ለማስረዳት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

እኛ ከሰሜን ስንመለስ ድፎ ዳቦ ገዝተን እንደገና ሥላሴ ሄድን። እማማ እዚያው ነበሩ። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «እጅዎትን ያምዎታል?» አለቻቸው። «አያመኝም የኔ እመቤት፤ ምንም አይሰማኝም» አሉና ሣቁ። ልጄ ዳቦውን ስትዘረጋላቸው ወደኔ ቀና ብለው አዩ። ዝም አልኩ። ያኔ እጆቻቸውን ከጋቢው አውጥተው ተቀበሏት፤ «እደጊ» ብለውም መረቋት።

መልካም የጥምቀት በዓል!